ይህ ዘፈን የማን ልጅ ነው?

ታናሽ ወንድሜ ጊታር መማር ከጀመረ ዓመት ሊሞላው ነው። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ስለሆነ ልምምዱን የምንሰማው እኛ ብቻ አይደለንም፤ ከላይና ከታች ያሉ ጎረቤቶቻችንም ወደዱም ጠሉም አብረውን ይሰማሉ። ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት እማዬ ወጥ ቤት ሽንኩርት ትከትፋለች፣ እኔ የሳምንቱን ልብስ አጣጥፋለሁ፣ ልጁ ደግሞ ሳሎን ቁጭ ብሎ አንድ ነገር ደጋግሞ ይመታል። ዜማው ብዙ ውጣ ውረድ የለውም። እንደ እግረኛ ነው፤ ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ አሁንም ይሄዳል።

እማዬ ቢላዋዋን አስቀመጠችና "ይሄ ልጅ ዛሬ የት ሊደርስ ነው?" አለች።

"እማዬ፣ ዘፈኑ ራሱ ስለ መንገድ ነው" አላት። "አንድ ልጅ የአባቱን ሀብት ይዞ ከቤት ይወጣል። ሀገር ለሀገር ዞሮ ያለውን ሁሉ ይጨርሳል። ከዚያ ረሃብ ይመጣል። ሰው ቤት ተቀጥሮ እሪያ ይጠብቃል። መጨረሻ ላይ…"

"መጨረሻ ላይ ወደ አባቱ ይመለሳላ!" ብላ ጨረሰችለት። "ይሄማ የጠፋው ልጅ ነው። ወንጌል አይደለም እንዴ? ማነው ደግሞ ዘፈን ያደረገው?"

"ሮሊንግ ስቶንስ" አላት።

እማዬ ስማቸውን ሰምታ አታውቅም። ጥያቄዋን ግን አልተወችም። "እነሱ ናቸው የደረሱት?"

ወንድሜ ስልኩን አየ፤ ዝም አለ፤ እንደገና አየ። "አይደለም፤ ሌላ ሰው ስም ነው የተጻፈው" አለ።

ያን ቀን ልብሱን አጣጥፌ ሳልጨርስ ዋልኩ። ያ "ሌላ ሰው" ማን እንደሆነ ማንበብ ጀምሬ አንዱ ገጽ ወደ ሌላው እየጎተተኝ ሄደ። ያገኘሁት ታሪክ ስለ አንድ ዘፈን ይሁን እንጂ እኔ ራሴ በሥራዬ ላይ ያደረግሁትን አንድ ነገር አስታወሰኝና ሌሊት እንቅልፍ ነሣኝ። እሱንም ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ። (እግረ መንገዴን፣ ካልተባለ በስተቀር ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የአድዋ ዘመን ልጅ

ሰውዬው ሮበርት ዊልኪንስ ይባላል። የተወለደው ጃንዋሪ 16 ቀን 1896 ነው። አባቶቻችን አድዋ ላይ ድል ከማድረጋቸው ስድስት ሳምንት ገደማ ቀደም ብሎ ማለት ነው። የትውልድ ቦታው ሄርናንዶ የምትባል የሚሲሲፒ ከተማ ስትሆን፣ ከትልቋ ሜምፊስ በስተደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅ ነው። በአሜሪካ ባርነት በሕግ ከተሻረ ገና 30 ዓመት ቢሆነው ነው። በዚያ አካባቢ ጥጥ የሚለቅመው፣ መሬት የሚያርሰው፣ ዕዳ የሚቆለልበት ጥቁሩ ሕዝብ ነበር። ብሉዝ የምንለው ሙዚቃ ያደገውም እዚያ ነው፤ አንድ ሰው፣ አንድ ጊታር፣ የራሱን ኑሮ የሚያወራ ድምፅ።

ዊልኪንስ ያደገው ከእንጀራ አባት ጋር ሲሆን፣ አንዳንድ ጊዜም በእንጀራ አባቱ ስም እየተጠራ ይጫወት ነበር። ጎልማሳ ሲሆን ሜምፊስ ገባ። በ1920ዎቹ ሜምፊስ ውስጥ ሙዚቀኛ ከየገጠሩ ይጎርፋል። የሸክላ ኩባንያዎች የመቅረጫ ዕቃቸውን ጭነው ከሰሜን ይመጣሉ፤ የአካባቢውን ተጫዋቾች ጠርተው ይቀርጻሉ፤ ተመልሰው ይሄዳሉ። ዊልኪንስም ተራው ደርሶት በ1928 ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀረጸ። ከቀረጻቸው ሥራዎች የአንዱ ርዕስ "ሮሊንግ ስቶን" መሆኑን ስነግረው ወንድሜ አላመነኝም። ቡድኑ ስሙን የወሰደው ግን ከእሱ አይደለም፤ ሙዲ ዋተርስ የተባለው ሌላ የሚሲሲፒ ልጅ በ1950 ካወጣው ዘፈን ነው።

በሴፕቴምበር 1929 ዊልኪንስ ሜምፊስ ውስጥ አንድ ሌላ ዘፈን ቀረጸ። ርዕሱ በእኛ አነጋገር "እንዲህ ሆኖ አይኖርም" እንደ ማለት ነው። ዘፈኑ ውስጥ ያለው ሰው ሴቶች በድለውታል፤ ልቡ ተሰብሯል፤ ወደ ቤቱ ሄዶ እናቱ አጠገብ ቁጭ ብሎ የደረሰበትን ሊነግራት ይፈልጋል። አንድ የሸክላ ገጽ የሚይዘው ሦስት ደቂቃ ያህል ብቻ ስለነበር ታሪኩም እዚያው ውስጥ ተጨምቆ ያልቃል።

ዘፈኑ ከተቀረጸ ከአንድ ወር በኋላ የኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ ወደቀ። ታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ ሲመጣ የሸክላ ገበያውም አብሮ ደረቀ። ሰው ዳቦ መግዣ ባጣበት ጊዜ ማን ሸክላ ይገዛል? ዊልኪንስ በ1930ዎቹ አጋማሽ አንድ ጊዜ ደግሞ ተቀረጸና ከዚያ በኋላ ከሸክላው ዓለም ጠፋ።

ከዘፈን ወደ መዝሙር

የጠፋው ግን በገበያው ምክንያት ብቻ አልነበረም። ዊልኪንስ ይጫወትበት በነበረ ድግስ ላይ ከባድ ጠብ ተነሣ። ያየው ነገር አስደነገጠው። ዕድሜው ወደ 40 እየተጠጋ ነበር። ብሉዝ መጫወት አቁሞ ቤተ ክርስቲያን ገባ፤ ውሎ አድሮም አገልጋይ ሆነ። ከአገልግሎቱ ጎን የዕፅዋት መድኃኒት ያዘጋጅ ነበር። አገልጋይ ከሆኑ በኋላማ እኔም አንቱ ልበላቸው፤ ሬቨረንድ ዊልኪንስ።

ይህን የሕይወት መንገድ ለእናንተ ማብራራት አያስፈልገኝም። ዘፈን ትቶ ወደ መዝሙር የገባ ሰው የማያውቅ ቤተሰብ እኛ ዘንድ ጥቂት ነው። እማዬ የወጣትነት ጊዜዋን ካሴቶች ለጎረቤት አድላ በምትካቸው መዝሙር የገዛችበትን ሳምንት እኔ አስታውሳለሁ። ከካሴቶቹ ጋር የሄደ አንድ የምወደው ዜማ ነበር፤ እስከ ዛሬ ርዕሱን አላወቅሁትም።

ሬቨረንድ ዊልኪንስ ግን ጊታራቸውን አልጣሉም። የገቡበት "የእግዚአብሔር ቤተ ክርስቲያን በክርስቶስ" የሚባለው የጴንጤቆስጤ ቤተ ክርስቲያን ዋና መቀመጫው እዚያው ሜምፊስ ሲሆን፣ በአምልኮ ላይ ጊታርና ከበሮ መጠቀምን የሚፈቅድ ነው። ስለዚህ ያንኑ ጊታር፣ ያንኑ አመታት ይዘው ገቡ። የተውት ቃሉን ነው።

የ1929ኙን ዘፈን አነሡ። በሴቶች ተበድሎ ወደ እናቱ የሚመለሰውን ሰው አወጡትና በምትኩ የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ላይ ያለውን ልጅ አስገቡ። ወደ እናት የነበረው መንገድ ወደ አባት ሆነ። እኔን በጣም የገረመኝ የመዝጊያው ሐረግ ነው። በዱሮው ዘፈን ውስጥ ከየአንጓው መጨረሻ ላይ "እንዲህ አይኖርም" የሚል ሐሳብ ይመላለስ ነበር። በአዲሱ ግን ያው ሐረግ፣ በዚያው ዜማ፣ ከአሉታ ወደ አዎንታ ተገልብጦ "የሚኖረውስ እንዲህ ነው" የሚል ሆነ። አንድ ሰው ሙሉ ሕይወቱን የቀየረበትን ነገር በአንዲት ቃል ላይ ማሳየት ይቻል እንደሆነ ብትጠይቁኝ ይህን እጠቁማችኋለሁ።

ለሠላሳ ዓመት ገደማ ከሜምፊስ ውጭ ይህን የሚያውቅ ሰው ብዙ አልነበረም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ወጣት አሜሪካውያን የሸክላ ሰብሳቢዎች በአሮጌ ሸክላ ላይ የሰሟቸውን ሰዎች "በሕይወት ይኖሩ ይሆን?" እያሉ ፍለጋ ወጡ። በ1964 ዲክ እና ሉዊዛ ስፖትስዉድ የተባሉ ባልና ሚስት ሬቨረንድ ዊልኪንስን አገኟቸው። ሬቨረንዱ 68 ዓመት ሆኗቸው ነበር። ብሉዙን አልተመለሱበትም፤ የቀረጹት መዝሙራቸውን ነው። በዚያው ዓመት "የሜምፊስ የወንጌል ዘማሪ" የሚል ስም ያለው አልበም ወጣ፤ በኒውፖርት የባህል ሙዚቃ ፌስቲቫል ላይም ቀርበው ተጫወቱ። ሸክላው አሁን ረጅም ስለሆነ የሦስት ደቂቃው ገደብ ቀርቷል። "የጠፋው ልጅ" አልበሙ ላይ ወደ አስር ደቂቃ ይጠጋል። አይቸኩሉም። ልጁ እያንዳንዱን እርምጃ በእግሩ ይሄዳል።

ለንደን ላይ

አሁን ወደ ወንድሜ ጀግኖች እንምጣ። ሚክ ጃገርና ኪት ሪቻርድስ በ1961 ዳርትፎርድ በምትባል የእንግሊዝ ከተማ ባቡር ጣቢያ ላይ ሲገናኙ፣ ሚክ በብብቱ የያዛቸው የቸክ ቤሪና የሙዲ ዋተርስ ሸክላዎች ናቸው ወሬ ያስጀመሯቸው። በዓመቱ ሮሊንግ ስቶንስ ተመሠረተ። መጀመሪያ ላይ ሥራቸው የጥቁር አሜሪካውያንን ብሉዝ መጫወት ነበር።

በ1967 ግን መንገዱን ሳቱት የሚሉ ብዙ ናቸው። በአደንዛዥ ዕፅ ክስ ፍርድ ቤት ተመላለሱ። የዘመኑን ፋሽን ተከትለው ያወጡት የተንዛዛ አልበምም ብዙ ተተቸ። በ1968 ጂሚ ሚለር ከሚባል ፕሮዲዩሰር ጋር ለንደን የሚገኘው ኦሊምፒክ ስቱዲዮ ገቡና ጌጣጌጡን አራግፈው ወደ ጀመሩበት ወደ ብሉዝና ወደ አኩስቲክ ጊታር ተመለሱ። አልበሙን "የለማኞች ግብዣ" አሉት። (ከጠፋው ልጅ አንድ ምዕራፍ ቀደም ብሎ፣ ሉቃስ 14 ላይ ድሆችና አካል ጉዳተኞች የሚጠሩበት ግብዣ መኖሩን እማዬ ናት ያስታወሰችኝ።) ከአስሩ ዘፈኖች እነሱ ያልደረሱት አንዱን ብቻ ነው፤ እሱም የሬቨረንድ ዊልኪንስ "የጠፋው ልጅ" ነው።

አጨዋወታቸው እርቃኑን ነው ማለት ይቻላል። አኩስቲክ ጊታር፣ ከበሮ፣ ድምፅ። የኪት ጊታር ከተለመደው ቅኝት ወጥቷል፤ ክሮቹ ጣት ሳይጫናቸው ቢመቱ አንድ ሙሉ ኮርድ እንዲሰጡ ሆነው ተቃኝተዋል። ወንድሜ ይህን ለመረዳት ሦስት ሳምንት ፈጀበት። ክራር የሚጫወት ጓደኛው ግን በሁለት ደቂቃ ገባው፤ ክራር ላይ ክሮቹ አስቀድመው በቅኝቱ ተሰናድተው ስለሚጠብቁ ነው። በእንዲህ ያለ ጊታር ላይ ዜማው ከአንድ ቦታ ብዙም አይርቅም። የእርምጃው ስሜት የሚመጣውም ከዚያ ነው።

የእነሱ ሦስት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ወጣቶች ናቸውና ይፈጥናሉ፤ ልጁ ቤቱ የሚደርሰው ሊሮጥ ምንም ሳይቀረው ነው። መጨረሻው ላይ አንድ የምታስቅ ነገር አለች። በወንጌሉ አባትየው የሰባውን ጥጃ እንዲያርዱ የሚያዝዘው አገልጋዮቹን ሲሆን፣ ዘፈኑ ውስጥ ግን ትዕዛዙ የሚደርሰው ታላቁን ልጅ ነው። ይህን ስተረጉምላት እማዬ ከት ብላ ሳቀች። "አየሽ፣ የታላቅ ዕጣ ይሄ ነው፤ ጥጃውንም የሚያርደው እሱ!" አለችኝ። እኔ የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነኝ። ሳቅኩ እንጂ ነገሩ ገብቶኛል።

ስሙ የት ገባ?

አልበሙ ዲሴምበር 1968 ላይ ወጣ። ከዚያ በፊት ለወራት ዘግይቷል፤ ቡድኑ የመረጠው ሽፋን ግድግዳው በጽሑፍ የተሞላ መጸዳጃ ቤት የሚያሳይ ስለነበር ኩባንያዎቹ አናትምም አሉ። በመጨረሻም እንደ ግብዣ ካርድ ያለ ነጭ ሽፋን ተሠራለት። በዚህ መጀመሪያ በወጣው ሽፋን ላይ ዘፈኖቹ በሙሉ የጃገርና የሪቻርድስ ድርሰት ናቸው ተብሎ ተጻፈ። የሬቨረንዱም ጭምር።

በሙዚቃ ንግድ ውስጥ የደራሲው ስም ገንዘቡ የሚሄድበት አድራሻ ነው። ሸክላው በተሸጠ ቁጥር፣ ዘፈኑ በሬዲዮ በተሰማ ቁጥር የሚሰበሰበው ክፍያ ያንን ስም ይዞ ነው የሚጓዘው። ስሙ ሌላ ከሆነ ክፍያውም ሌላ ቤት ይገባል። ሜምፊስ ውስጥ ያሉ የ72 ዓመት አገልጋይ በ1929 የጀመሩት፣ በመሀል ሕይወታቸውን ቀይረው እንደገና የሠሩት ዘፈን በዓለም ሁሉ ሲሰራጭ የሌላ ሰው ልጅ ተብሎ ተመዘገበ።

ስህተቱ በኋላ ታርሟል። ዛሬ አልበሙን ብትከፍቱ ከዘፈኑ አጠገብ የምታገኙት ስም ዊልኪንስ የሚል ነው። ወንድሜም ስልኩ ላይ ያየው ይህንኑ ነው። ለፍትሕ ያህል፣ ሮሊንግ ስቶንስ የብሉዝ አባቶቻቸውን የደበቁ ሰዎች አልነበሩም። በ1965 አንድ የአሜሪካ የቴሌቪዥን ዝግጅት ሲጋብዛቸው ሀውሊን ዎልፍ የተባለውን ታላቅ ብሉዘኛ አብሮ ካላቀረበ እንደማይመጡ ነግረው፣ እሱ ሲዘፍን እግሩ ሥር ቁጭ ብለው ሰምተዋል። የሚወዱትንና የሚያከብሩትን ሰው ስም መዝለል የሚቻል መሆኑ ነው እኔን ያስደነገጠኝ። ስም ለመዝለል ክፉ መሆን አያስፈልግም። መቸኮል ይበቃል።

እማዬ በዚህ ላይ ተከራክራኛለች። "ታሪኩ የጌታ ነው፤ ወንጌል የሁሉም ነው። ሰውዬውስ ከወንጌል አይደል የወሰዱት?" አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ምሳሌው የማንም የግል ንብረት አይደለም። ነገር ግን ያ የሚራመድ ጊታር፣ ከእናት ወደ አባት የዞረው መንገድ፣ ከ"አይኖርም" ወደ "ይኖራል" የተገለበጠው ሐረግ የአንድ ሰው ሥራ ነው። ጤፍ የሁሉም ነው፤ እንጀራውን ያቦካችው ግን ባለቤት አላት። ይህን ስላት "እሱስ ልክ ነሽ" አለችኝ፤ እማዬን ለማሳመን ወጥ ቤት ውስጥ ያለ ምሳሌ ይበልጣል።

ማሲንቆው የማን ነበር?

አሁን ወደ ቃሌ ልመለስ። የምሠራው የአንድ ድርጅት ማርኬቲንግ ክፍል ውስጥ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ለፋሲካ ማስታወቂያ ስናዘጋጅ ማሲንቆ ያስፈልገናል ብዬ ሐሳብ ያቀረብኩት እኔ ነኝ። ስቱዲዮው አንድ ወጣት አስጠራ። ልጁ መጥቶ ያዘጋጀነውን ምስል አንድ ጊዜ አየ፤ ማሲንቆውን ቃኘ፤ ከራሱ አንድ አጭር ዜማ አወጣ። ግማሽ ሰዓት አልፈጀበትም። የቀኑን ክፍያ በእጁ ሰጠነው፤ አመስግኖ ሄደ። ያ ዜማ በዓሉን በሙሉ በቴሌቪዥንና በሬዲዮ ተሰማ። የታክሲ ረዳቶች ሲያፏጩት ሰምቻለሁ። ሥራው ሲያልቅ በተላለፈው ዝርዝር ላይ የአዘጋጁ፣ የጽሑፍ ባለሙያው፣ የአርታኢው፣ የእኔም ስም ነበር። አለቃዬ በስብሰባ ላይ "ያ ማሲንቆ ግሩም ነው፤ ማነው የተጫወተው?" ብለው ሲጠይቁ እርስ በርስ ተያየን። ማናችንም ስሙን አናውቅም። ሳቅንና አለፍነው።

ያን ቅዳሜ ሌሊት እንቅልፍ የነሣኝ ያ ሳቅ ነው። በወንጌሉ ውስጥ ታላቁ ልጅ ከእርሻ ሲመለስ የቅሬታው ፍሬ ነገር "ይህን ያህል ዘመን ሳገለግል ለእኔ አንዲት ጠቦት እንኳ አልተሰጠኝም" የሚል ነው። እኔ ታላቅ ስለሆንኩ ሁልጊዜ ራሴን ከእሱ ጎን ነበር የማቆመው። ለሠራሁት አልተመሰገንኩም የሚለው ስሜት ከቤትም ከቢሮም አውቀዋለሁ። ጠቦቷን ያልሰጠሁት እኔ የምሆንበት ቀን ይመጣል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ሕጋችንም በዚህ ላይ ዝም አላለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንድ ደራሲ በሥራው ላይ ስሙ እንዲታወቅለት የመጠየቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል። የሥራው የጥቅም መብትም በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። "ተዛማጅ" የሚለው ቃል ከዋኞችን፣ ማለትም የሚጫወቱትንና የሚዘፍኑትን ጭምር ይመለከታል። ቢዝነስ ስማር ይህን ተፈትኜበታለሁ፤ ጥሩ ውጤትም አምጥቼበታለሁ። ስቱዲዮ ውስጥ ያ ልጅ ፊት ለፊቴ ቆሞ ሳለ ግን "ስምህ ማን ይባላል?" ማለት አልመጣልኝም።

ሰኞ ዕለት ወደ ስቱዲዮው ደወልኩ። ቀራጩ ቁጥሩን ፈልጎ ለማግኘት ሁለት ቀን ወሰደበት። ልጁ ስልኩን ሲያነሣ ራሴን ለማስተዋወቅ ብዙ ደከምኩ፤ እሱ ግን ወዲያው "አዎ፣ የፋሲካው! ምነው፣ ሌላ ሥራ አለ እንዴ?" አለኝ። ይቅርታ ለመጠየቅ ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋብኝ። ስሙን በፋይላችን ላይ ማስገባታችንን፣ ማስታወቂያው እንደገና ከተላለፈ ክፍያ እንዲኖረው ለአለቃዬ ማቅረቤን ነገርኩት። ክፍያው ገና አልተወሰነም፤ እየተከታተልኩት ነው። ይህን ዓምድ እንደምጽፍ ነግሬው ስሙን ላውጣው ወይ ብዬም ጠይቄው ነበር። "ማስታወቂያው ላይ ይግባልኝ እንጂ መጽሔት ላይ ምን ያደርግልኛል?" ብሎ ሳቀ። ነጥቡ የገባው ከእኔ በላይ ነው። ከዚያ ወዲህ በክፍላችን ማንኛውም የቀረጻ ውል ላይ የተጫዋቾች ስም የሚሞላበት መስመር አለ። ባዶ ከሆነ እኔ አልፈርምበትም።

የቤት ሥራ

ሬቨረንድ ሮበርት ዊልኪንስ በ1987 በ91 ዓመታቸው ሜምፊስ ውስጥ አረፉ። ጊታሩን ልጃቸው ያዘ። ሬቨረንድ ጆን ዊልኪንስ በሰሜን ሚሲሲፒ ለረጅም ዓመታት አጥቢያ መርተዋል፤ በ2020 እስካረፉበት ጊዜ ድረስም የአባታቸውን ዓይነት መዝሙር ይጫወቱ ነበር። በመጨረሻው አልበማቸው ላይ አብረዋቸው የሚዘምሩት ሴት ልጆቻቸው ናቸው። በ1929 እናቱ ዘንድ ሊመለስ የተነሣው ያ መንገደኛ ስንት ቤት እንዳዳረሰ አስቡት።

ልጆቻችን ዛሬ ሙዚቃ የሚሰሙት ሽፋን በሌለው ነገር ላይ ነው። ዱሮ የካሴት ልባስ ላይ የግጥሙ፣ የዜማው፣ የቅንብሩ ባለቤት በተራ ተጽፎ እናነብ ነበር፤ አሁን ስልኩ የሚያሳያቸው የዘፋኙን ፎቶ ነው። ስለዚህ እኛ ቤት አዲስ ጨዋታ ጀምረናል። መኪና ውስጥም ሆነ ምሳ ላይ አንድ ዘፈን ከተወደደ "የማን ልጅ ነው?" ብለን እንጠይቃለን። ግጥሙ የማን ነው? ዜማውስ? ያን ሳክስፎን የሚነፋው ማነው? ያላወቀ ፈልጎ ያመጣል። እማዬ በዚህ ጨዋታ ሁላችንንም ታሸንፈናለች፤ ለጎረቤት ያደለቻቸው ካሴቶች ላይ የነበረው ስም ሁሉ አሁንም በቃሏ አለ። ያችን ርዕሷን የማላውቃትን ዜማ ሳንጎራጉርላትም ዘፋኙን፣ ገጣሚውንና ክራር ተጫዋቹን በአንድ ትንፋሽ ነገረችኝ።

ባለፈው እሑድ ዘመድ ተሰብስቦ ቡና ሲፈላ ወንድሜ ጊታሩን ይዞ መጣ። አጎታችን "እስቲ ያንን የፈረንጆቹን ተጫወትልን" አሉት። ልጁ ክሮቹን ቃኘ፤ ጉሮሮውን ጠረገ። "ጋሼ፣ ይሄ የሬቨረንድ ሮበርት ዊልኪንስ ነው" አለና ጀመረ። እማዬ ስኒውን እያጠበች በአንገቷ ምቱን ትከተል ነበር።

በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ፣ ደህና ሰንብቱ።